የዓመቱ ቁጠባ በቤተ ሰብ ምክር

ዘመን በተለወጠ ቁጥር በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ምክር ይመከራል። «ዘንድሮስ ገንዘብ ማጠራቀም አለብን» ይባባላሉ ባልና ሚስት። ምክሩ መልካም ነው፤ አሳቡም ከልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን መስከረም አልፎ ጥር ሲገባ ብዙው ምክር ተረስቶ ይገኛል። ይህም የሚሆነው ሰዎቹ ሰነፎች ወይም አባካኞች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም ምኞቱ ቁጥር ሳይወጣለት፣ ቁጥሩም ቀን ሳይቆረጥለት፣ ቀኑም የቤተ ሰቡን ስምምነት ሳያገኝ መቅረቱ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ልንመለከት የፈለግነው ከገቢያቸው የተረፈውን ፍርፋሪ ሳይሆን ከፍ ያለውን ድርሻ፣ ለምሳሌ አራተኛውን እጅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለማጠራቀም የሚነሡ ቤተ ሰቦች እንዴት ሊሳካላቸው እንደሚችል ነው። ነገሩ ይልቁንም የሚመለከተው ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበውን ተማሪና የመጀመሪያ ደመወዙን መቀበል የጀመረውን ወጣት ሠራተኛ ነው። ምክንያቱም የገንዘብ አያያዝ እንደ ጽሕፈት ነው፤ እጅ አንድ ጊዜ ከለመደው በኋላ አጻጻፉን መለወጥ ያስቸግራል።

ጥሪት የሌለው ቤት ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቀዋል። አባት ወይም እናት ድንገት ታሞ ሥራ ቢያቋርጥ፣ ቤት አከራዩ ኪራይ ቢጨምር፣ ወይም ልጅ የተሻለ ትምህርት የሚያገኝበት ዕድል ቢከፈትለት፣ ጥሪት የሌለው ቤተ ሰብ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ዕድሉን መተው፣ ወይም አራጣ አበዳሪ ደጅ መጥናት። በአራጣ የተያዘ ሰው ደግሞ የሚመጣውን ዓመት ደመወዙን ከወዲሁ እንደ ሸጠ ይቆጠራል። ስለዚህ የምንናገረው ባለጸጋ ስለ መሆን ሳይሆን፣ በገዛ ኑሮ ላይ አዛዥ ስለ መሆን ነው።

ዓመቱ 13 ወር፣ ደመወዙ 12

ነገሩን በአኃዝ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ባል መምህር፣ ሚስት ነርስ፣ ሁለት ልጆችም ያሏቸው ናቸው እንበል። ግብርና የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰ በኋላ የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ በወር 24,000 ብር፣ በዓመትም 288,000 ብር ይሆናል። የዚህ አራተኛው እጅ 72,000 ብር ነው፤ ለ12 ሲካፈልም በወር 6,000 ብር ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሒሳብ ለአራተኛ ክፍል ተማሪም አይከብድም። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ የአገራችን ዓመት 13 ወር አለው፤ የወር ደመወዝተኛ የሚቀበለው ግን 12 ደመወዝ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበለው ገንዘብ ጳጉሜንን አሻግሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ 35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበትም ዓመት 36 ቀን መዝለቅ ይኖርበታል። በዚሁ ጊዜ ደግሞ የእንቁጣጣሽ በዓል፣ የልጆች መመዝገቢያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ወዲያውም የመስቀል በዓል ይደራረባሉ። እንግዲህ «ዘንድሮ አጠራቅማለሁ» ተብሎ የሚወሰንበት ወቅትና ገንዘብ እጅግ የሚያጥርበት ወቅት አንድ ሆነው ይገኛሉ ማለት ነው። ብዙው ውሳኔ በተወለደበት ወር የሚሞተው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱም የዓመቱን ወጪ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ በወረቀት ማስፈር ነው። በዓል ያልታሰበ ወጪ አይደለም። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን እንደሚውል ልጅ እንኳ ያውቃል። ፋሲካም ቀኑ ከዓመት ዓመት ቢለዋወጥ በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ ይታወቃል። ዒዶቹም ጨረቃን ተከትለው በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እንደሚቀድሙ የታወቀ ነው። ሠርግ የሚበዛባቸው ጥርና ሚያዝያም ዘንድሮ የተፈጠሩ ወሮች አይደሉም። ይህን ሁሉ እያወቅን በደረሰ ጊዜ ሁሉ «ድንገት ወጪ መጣብኝ» የምንል ከሆነ ራሳችንን እናታልላለን።

የምሳሌው ቤተ ሰብ የመስከረሙን ወጪ 12,000 ብር፣ የገናንና የጥምቀትን 5,000፣ የፋሲካን 7,000፣ ለዘመድ ሠርግና ለቅሶ 6,000፣ ለሕክምናም 6,000 ብር አድርጎ ቢገምት ድምሩ 36,000 ብር ይሆናል። ሙስሊም ቤተ ሰብ ከሆነም በክርስቲያን በዓላት ፈንታ የረመዳንንና የሁለቱን ዒዶች ወጪ ያስገባል። 36,000 ለ12 ሲካፈል 3,000 ብር ነው። ስለዚህ ከ24,000ው ብር ላይ በቅድሚያ የሚነሣው 6,000 ብር ብቻ ሳይሆን 9,000 ብር ነው፤ ለኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለመጓጓዣና ለልዩ ልዩ ነገር የሚቀረውም 15,000 ብር ይሆናል።

የብዙ ሰው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። 6,000ውን ለይቶ ያስቀምጥና 3,000ውን ግን ከወሩ ወጪ ጋር ያጠፋዋል። መስከረም ሲመጣ 12,000 ብር ከየት ይምጣ? ከተጠራቀመው ላይ ይወሰዳል። በዚያች አንዲት ሳምንት የሁለት ወር ቁጠባ ይሄዳል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳው ግን ተስፋ መቁረጡ ነው፤ «እኛ ቤት ገንዘብ አይበረክትም» የሚለው አነጋገር የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ምስጢር የሌለበት ደመወዝ

ከፍ ብለን ቁጥሩ የቤተ ሰቡን ስምምነት ማግኘት አለበት ብለናል። ለመስማማት ደግሞ አስቀድሞ መተዋወቅ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቤት ሚስት የባሏን ደመወዝ፣ ባልም ሚስቱ ከመንግሥት ሥራ ውጭ የምታገኘውን ገቢ በትክክል አያውቁም። አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የኮሚቴ ገንዘብ የሚባለው ሁሉ በኪስ ገብቶ በኪስ ይቀራል። እንዲህ ባለ ቤት «የገቢያችን አራተኛው እጅ» ማለት ትርጉም የለውም፤ ሙሉው ሳይታወቅ አራተኛው ከወዴት ይታወቃል?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ተጋቢዎች በጋብቻቸው ውስጥ በጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው መሆኑን ደንግጓል። ከዚህም ሌላ አንደኛው ተጋቢ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ተቀበለው ገቢ መግለጫ መስጠት እንዳለበት ያዝዛል። እርግጥ ነው፣ ባልና ሚስት በሕግ አንቀጽ እየተጠያየቁ እንዲኖሩ አንመኝም። ሆኖም ሕጉ ግዴታ ያደረገውን ነገር ፍቅር በፈቃዱ ቢያደርገው ምንኛ በተሻለ ነበር!

ስለ ዘመድ እርዳታም እንዲሁ ነው። ከወጣት ሠራተኞቻችን ብዙዎቹ ከገጠር ወይም ከትንሽ ከተማ መጥተው በወላጆቻቸው ላብ የተማሩ ናቸው። ደመወዝ በያዙ ጊዜ እናትና አባትን መርዳት፣ ታናሽን ማስተማር ዕዳቸው ነው፤ ክብራቸውም ነው። ይህን ዕዳ ቆርጣችሁ ጣሉ የሚል ምክር ከውጭ አገር መጽሐፍ ተቀድቶ ቢቀርብልን አንቀበለውም። ነገር ግን እርዳታው መጠንና ቀን ሳይኖረው ስልክ በተደወለ ቁጥር የሚላክ ሲሆን ላኪውንም ተቀባዩንም ይጎዳል። ላኪው ያማርራል፤ ተቀባዩም መቼና ምን ያህል እንደሚያገኝ ስለማያውቅ የራሱን ኑሮ ማቀድ አይችልም። ይልቅስ «እማዬ፣ ለወንድሜ ትምህርት በየወሩ 1,000 ብር መድቤአለሁ፤ ወር በገባ በ3ኛው ቀን ይደርስሻል» ብሎ ቁርጡን መንገር፣ በምሳሌአችንም ከ15,000ው ብር ውስጥ አንድ ዐምድ ከፍቶ ማስገባት የተሻለ ነው። እናትም ልጇ ቁም ነገረኛ መሆኑን ታይበታለች እንጂ ጨከነብኝ አትልም።

ዕቁብና ሣጥን

ገንዘቡ ከተለየ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ጥያቄ ዕቁብን መልስ አድርገው ሰጥተውናል። 12 ሰዎች በየወሩ 6,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ለባለ ዕጣው 72,000 ብር ያስጨብጣል፤ ይህም የምሳሌው ቤተ ሰብ የዓመት ግብ ራሱ ነው። የዕቁብ ኃይል ከወዴት ይመጣል? ወለድ የለውም፤ ሕንጻም የለውም። ኃይሉ ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ ያለው መሆኑ ነው። ለራሱ የገባውን ቃል በቀላሉ የሚያፈርስ ሰው በጎረቤቶቹና በመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ፊት ማፈርን አይወድም። ስለዚህ ለልብሱ የሚሳሳው ሁሉ ለዕቁቡ ቀን አይሳሳም።

ዘመናዊው መንገድም ከዚሁ አሳብ የራቀ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙት የቁጠባና ብድር ማኅበሮች የአባሉን መዋጮ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ከመክፈያው ላይ ይቀንሱለታል። በአገራችን የዚህ ዓይነት ማኅበር መጀመሪያ የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የተቋቋመው ነው። ያላዩት ገንዘብ አያጓጓም፤ ሠራተኛውም በደረሰው ልክ መኖርን ይለምዳል።

በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያስረዳሉ። በፊሊፒንስ ደሴቶች በሚንዳናዎ፣ ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ባንክ ደንበኞች ላይ ያደረጉት ሙከራ በ2006 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ታትሟል። ከደንበኞቹ ለከፊሎቹ ራሳቸው የወሰኑት ቀን ወይም ራሳቸው የወሰኑት ገንዘብ ሳይሞላ ሊያወጡት የማይችሉት የቁጠባ ደብተር ቀረበላቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ይህ ዕድል የቀረበላቸው ሰዎች ቁጠባ ካልቀረበላቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር 81 በመቶ ብልጫ አሳየ። ባንኩ ወለድ አልጨመረላቸውም፤ የጨመረላቸው ቁልፍ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ቁልፍ ሁልጊዜ መድኃኒት አይሆንም። ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን በምዕራብ ኬንያ ያደረጉትና በ2013 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የታተመው ጥናት ሌላውን ወገን ያሳየናል። ሰዎቹ ለጤና የሚሆን ገንዘብ እንዲያጠራቅሙ ለአንዳንዶቹ ቁልፉ በእጃቸው የሆነ የብረት ሣጥን ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ ግን ቁልፉ በሌላ ሰው ዘንድ የሚቀመጥ ሣጥን ተሰጣቸው። በሽታን ለመከላከል የሚያገለግል ዕቃ በመግዛት በኩል የመጀመሪያዎቹ 66 በመቶ የሚያህል ብልጫ ሲያሳዩ፣ ቁልፉ የተወሰደባቸው ግን ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ድንገት ሕመም ቢመጣ የማላገኘውን ገንዘብ ለምን እቆልፍበታለሁ ብለው ፈርተዋልና። ከሁሉም ይልቅ የተሳካላቸው እንደ ዕቁብ ባለ ማኅበር ውስጥ ለጤና ለይተው ያዋጡት ናቸው።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ቢመስሉም አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ይኸውም ሁለት ከረጢት እንደሚያስፈልግ ነው። የዓመቱ ግብ የሚገባበት 6,000 ብር የተቆለፈ ይሁን፤ በዓሉን፣ ለቅሶውንና ሕክምናውን የሚመክት 3,000 ብር ግን በቀላሉ የሚከፈት ይሁን። አንዱን ከረጢት ብቻ ይዞ ሁለቱንም ሥራ ለማሠራት የሚሞክር ቤት ወይ ቁልፉን ይሰብራል፣ ወይም በታመመ ጊዜ ይበደራል።

በደብተር የተመራ ቤት

የጃፓን ሕዝብ በቁጠባው ስሙ የተጠራ ነው። በዚያ አገር የፖስታ ቤት የቁጠባ ሥራ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዓላማውም ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ በአቅራቢያው የሚያስቀምጥበት ቦታ እንዲያገኝ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ደግሞ ሃኒ ሞቶኮ የተባለች ጋዜጠኛ ለቤት እመቤቶች የተሰናዳ የሒሳብ ደብተር አሳተመች። የደብተሩ አሳብ ቀላል ነው፤ በወሩ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ነገር ገንዘብ ይመደባል፣ በየቀኑ የወጣው ይጻፋል፣ በወሩ መጨረሻ የተመደበውና የወጣው ይነጻጸራሉ። ይህ ልማድ በብዙ ቤት ገብቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። በ1970ዎቹ አጋማሽ (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የጃፓን ቤተ ሰቦች ለወጪ ከሚቀርላቸው ገቢ ላይ ከመቶ ከ20 እጅ በላይ ያጠራቅሙ ነበር። በእርግጥ ለዚህ የኢኮኖሚው ፈጣን ዕድገትም ምክንያት ነበረው፤ ደብተሩ ብቻውን ተአምር አልሠራም። ሆኖም ዕድገቱ ያመጣውን ገንዘብ ቤቱ ውስጥ እንዲቆይ ያደረገው ልማድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛም አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ለመግዛት ጃፓናዊ መሆን አያስፈልገንም። በየወሩ መጨረሻ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ደብተሩ ይዘርጋ፤ ልጆችም ይቀመጡ። ልጅ «የለንም» የሚለውን ቃል ብቻ እየሰማ ካደገ ድህነትን ይማራል፤ «ለዚህ ያስቀመጥነው ነው» የሚለውን እየሰማ ካደገ ግን ማቀድን ይማራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ደብተሩ የሚጠቅመው የተሳካውን ለመቁጠር ብቻ ሳይሆን የጎደለውን በጊዜ ለማወቅም ነው። የምሳሌው ቤተ ሰብ በጥር መጨረሻ፣ ማለትም ከ5 ደመወዝ በኋላ፣ 30,000 ብር ሊኖረው ሲገባ 18,000 ብቻ ተገኘ እንበል። የሚቀረው 54,000 ብር ለ7 ወር ሲካፈል በወር 7,714 ብር ይሆናል። ይህ ከ6,000ው በ1,714 ብር ይበልጣል፤ ከባድ ቢሆንም ሊመከርበት የሚቻል ቁጥር ነው። ወይ ሚስት ተጨማሪ የሌሊት ተራ ትይዛለች፣ ወይ ባል የማታ ተማሪ ያስተምራል፣ አለዚያም ግቡ በስምምነት ወደ 60,000 ዝቅ ይላል። ጉድለቱ የታወቀው በነሐሴ ቢሆን ግን ከማዘን በቀር ምንም ማድረግ ባልተቻለ ነበር።

ገንዘብ እንደ በረዶ ሲሟሟ

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ከባድ ጥያቄ ሊያነሡ ይችላሉ። «ዋጋ እየናረ ሳለ ብር ማጠራቀም ምን ይጠቅማል?» ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ አድበስብሰን አናልፈውም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ ከ5 ወደ 7 ከፍ አድርጎ ነበር። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከመቶ ከ30 በላይ ደርሷል። እንዲህ ባለ ዓመት በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ 1,000 ብር 1,070 ይሆናል፤ 1,000 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ይደርሳል። ዕቁብ ላይም ቢሆን መስከረም ላይ ዕጣ የወጣለትና ነሐሴ ላይ የደረሰው ሰው የተቀበሉት ብር በቁጥር አንድ ቢሆንም የሚገዙበት ዕቃ አንድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የንረቱ ፍጥነት ቢቀንስም ትምህርቱ ሊረሳ አይገባውም።

ትምህርቱም አታጠራቅሙ የሚል ሳይሆን፣ ለምን እንደምታጠራቅሙ አስቀድማችሁ እወቁ የሚል ነው። ገንዘብን ለገንዘብነቱ የሚያከማች ሰው ዋጋ ሲንር ይከስራል። ለታወቀ ነገር የሚያጠራቅም ሰው ግን ግቡን ከፋፍሎ ገንዘቡን ቀስ በቀስ ወደ ዕቃው ሊለውጠው ይችላል። ቤት የሚሠሩ ሰዎች ይህን ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ዕቁብ ሲደርሳቸው ቆርቆሮውን፣ በሌላው ጊዜ ድንጋዩንና ብረቱን ገዝተው ያስቀምጣሉ። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ስቦ ስለሚበላሽ ለመጨረሻ ያቆዩታል። የልብስ ስፌት መኪና፣ የሙያ ትምህርት ክፍያ፣ የንግድ ዕቃ እንዲሁ ናቸው። ለትምህርት የተከፈለ ገንዘብን የዋጋ ንረት አይበላውም።

ስለ ቤት ካነሣን፣ በአገራችን እጅግ ሰፊ የሆነውን የቤተ ሰቦች የቁጠባ ሙከራ ሳንጠቅስ አናልፍም። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ፈላጊዎች በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ፕሮግራም በመቶ ሺህ እየተቆጠሩ ተመዝግበው በባንክ በየወሩ መቆጠብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቁጥር ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚያጠራቅመውን ከመቶ እጅ፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነውን ያመለክታል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነው ለ10/90 ተመዝጋቢዎች የወሩ ቁጠባ 187 ብር ነበር። ከዚያ በፊት የባንክ ደብተር ይዘው የማያውቁ ብዙ ቤቶች በዚህ ምክንያት ከአስቤዛ በፊት ቁጠባን ማስቀደም ለመዱ።

ነገር ግን የቤቱ ቁጥር ከቆጣቢው ቁጥር ጋር ሊመጣጠን ባለመቻሉ ብዙዎች ለዓመታት ጠብቀዋል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣውም ዕጣ በመረጃው ላይ ጉድለት በመገኘቱ ተሰርዞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጥቷል። ከዚህ የምንማረው፣ የቤተ ሰብ ግብ በራሱ እጅ ባለው ነገር መለካት እንዳለበት ነው። «ዘንድሮ ቤት አገኛለሁ» ማለት በዕጣ እጅ ያለ ምኞት ነው፤ «ዘንድሮ 72,000 ብር አጠራቅማለሁ» ማለት ግን በገዛ እጅ ያለ ሥራ ነው። ዕጣው ቢዘገይ እንኳ ያጠራቀመው ልማድ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቀራል።

ቁጠባና ንፍገት

ስለ ቁጠባ የሚናገር ሁሉ ስለ ወሰኑም መናገር አለበት። ልጅ ወተትና እንቁላል ተከልክሎ፣ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት እንዳይሄድ ተደርጎ፣ የዕድር መዋጮ ተቋርጦ የሚሞላ ሣጥን ቁጠባ ሊባል አይችልም፤ ዕዳን ወደ ነገ ማሻገር ነው። የቀረ ሕክምና በኋላ አብዝቶ ያስከፍላል፤ ከዕድር የወጣ ሰውም በሐዘኑ ቀን ድንኳኑን በኪራይ፣ ለቀስተኛውንም በልመና ያገኛል። የሚቆረጠው ሌላ ነው፤ ባልንጀራ ስለ ጋበዘ የሚጋበዝ፣ አዲስ ስልክ ስለ ወጣ የሚለወጥ፣ ለሠርግ «ሰው ምን ይለኛል» ተብሎ በብድር የሚደገስ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት አባቶች በከንቱ አልተናገሩትም።

ደመወዛቸው ጥቂት ሆኖ አራተኛውን እጅ ማስቀመጥ የማይችሉ መኖራቸውንም አንዘነጋም። ለእነርሱ የሪቻርድ ቴለርና የሽሎሞ ቤናርዚ ጥናት ተስፋ ይሰጣል። ሁለቱ ምሁራን በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሠራተኞች ዛሬ ካለው ደመወዛቸው ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ከሚጨመርላቸው ላይ እንዲያጠራቅሙ አስቀድመው ቃል አስገቧቸው። በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንደ ታተመው፣ እነዚያ ሠራተኞች በ40 ወር ውስጥ የቁጠባቸውን መጠን ከደመወዛቸው ከ3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አሳድገዋል። ማንም ከኪሱ ጎደለብኝ አላለም፤ ጭማሪውን ሳይለምደው ከፍሎታልና። ወጣቱ ሠራተኛም ዛሬ ከመቶ 5 ቢጀምር፣ የእርከን ጭማሪና ዕድገት ባገኘ ቁጥር ግማሹን ለቁጠባ ለመጨመር ዛሬውኑ ቢወስን፣ ቤተ ሰብ በሚመሠርትበት ጊዜ አራተኛው እጅ እንግዳ አይሆንበትም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን?

እንግዲህ ለመጀመር መስከረምን መጠበቅ አያስፈልግም። ዓመት ከየትኛውም ደመወዝ ይጀመራል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ሁለት ከረጢት፣ በቤተ ሰቡ ሁሉ የታወቀ አንድ ቁጥር፣ በየወሩም ለመነጋገር የሚቆረጥ አንድ ምሽት ነው። 72,000 ያሰበ ቤት 50,000 ላይ ቢደርስ በቁጥር 22,000 ጎድሎበታል፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት ያልነበረው 50,000 ብር አለው፣ የት እንደ ጎደለበትም ያውቃል። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ደመወዛችሁን ስትቀበሉ፣ ገንዘቡ ገበያ ከመውጣቱ በፊት፣ ከቤት ሰው ጋር ለግማሽ ሰዓት ተቀመጡ።